ከመርከቧ ታችኛው ወለል፦ የጋራ ግዴታ፣ የውኃ ፍትሕና የሐረማያ ትምህርት

በኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) ተላልፎ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ የሰፈረውን የመርከቧን ምሳሌ ያልሰማ ደረሳ ጥቂት ነው። ሰዎች በአንዲት መርከብ ለመሳፈር ዕጣ ይጣጣላሉ፤ ለከፊሎቹ ላይኛው፣ ለከፊሎቹ ታችኛው ወለል ይደርሳቸዋል። በታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ግድ ስለሆነባቸው፣ እነርሱን ከማስቸገር ይልቅ በገዛ ድርሻቸው ላይ ቀዳዳ መክፈት የተሻለ መስሎ ይታያቸዋል። ላይኞቹ ዝም ብለው ቢተዋቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ግን ሁሉም ይድናሉ።

ይህ ምሳሌ በኹጥባና በደርስ ላይ በብዛት የሚነሣው በመልካም ነገር ማዘዝንና ከክፉ መከልከልን ለማስረዳት ነው። ሐዲሱ የአላህን ወሰን ስለሚጠብቁና ስለሚተላለፉ ሰዎች በመናገር የሚጀምር በመሆኑ ማብራሪያው ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ዝርዝሮች በአብዛኛው ሳይተኰርባቸው ያልፋሉ። አንደኛው፣ ወለሉ የተደለደለው በዕጣ እንጂ በብልጫ አለመሆኑ ነው፤ ላይኛው ሰው ላይ የሆነው ከታችኛው ስለሚሻል አይደለም። ሁለተኛው፣ መርከቧን ለመብሳት የተነሡት ሰዎች የፈለጉት ውኃ እንጂ ጥፋት አለመሆኑ ነው። የውኃው መንገድ በሌሎች ወለል ላይ ስለሚያልፍ አፈሩ፤ ወይም ሌሎችን ማስቸገር ሰለቻቸው። እንግዲህ እጃቸው ቢያዝም ጥማታቸው እንዳለ ነው። መርከቧ በዘላቂነት የምትድነው ቀዳዳው ሲከለከልና ውኃው ደግሞ ወደ ታች ሲደርስ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሐሳብ ከዚህ ንባብ ይነሣል። በመድረሳዎቻችንም ሆነ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚሰጠው ትምህርት በአመዛኙ እጅ መያዝን ያስተምራል፦ ዛፍ አትቍረጥ፣ ውኃ አታባክን፣ ምድርን አታበላሽ። የውኃውን መንገድ ግን አያስተምርም። የኢስላም የማኅበረሰብ አስተሳሰብ በበኩሉ ሁለቱን ነጣጥሎ አያውቅም። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ሦስት የፊቅህ መሠረቶችን እንመለከታለን፤ ቀጥሎም በምሥራቅ ሐረርጌ በሚገኘው በሐረማያ ሐይቅ ታሪክ እንፈትናቸዋለን።

ጥበቃና ፍትሕ

የአካባቢ ጥበቃ የሚጠይቀው ተፈጥሮ እንዴት ሳይጠፋ ይቈይ ብሎ ነው። የአካባቢ ፍትሕ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያክላል፦ ጥቅሙን ማን አገኘ፣ ጉዳቱን ማን ተሸከመ፣ ውሳኔው ሲሰጥ ማን ተገኝቶ ነበር? በዘመናችን ይህ አነጋገር የጐላው እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዋረን በተባለ አውራጃ፣ በመርዝ የተበከለ አፈር በአብዛኛው ጥቍር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ስፍራ እንዲቀበር በመወሰኑ በተነሣው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በዋሽንግተን የተደረገ ጉባኤም 17 መርሖችን አጽድቋል።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱ-ር-ራሕማን ሰማይ ከፍ መደረጉንና ሚዛን መቀመጡን አያይዞ ካወሳ በኋላ፣ ወዲያው ሰዎች በሚዛን እንዳያጐድሉ ያሳስባል (55፥7-9)። የፍጥረት ሚዛንና የገበያ ሚዛን በተከታታይ አንቀጾች በአንድ ቃል መጠራታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። የተፈጥሮን ሥርዐት የሚያዛባና በስፍር የሚያጭበረብር ሰው በአንድ ዐይነት ጥፋት እንደሚጠየቅ ከዚህ እንረዳለን።

የመጀመሪያው መሠረት፦ ፈርደ ኪፋያ

የፊቅህ ሊቃውንት ግዴታን በሁለት ይከፍላሉ። ፈርደ ዐይን እንደ ሶላትና እንደ ጾም እያንዳንዱ ሰው ራሱ የሚፈጽመው ነው። ፈርደ ኪፋያ ግን በማኅበረሰቡ ጫንቃ ላይ ያረፈ ግዴታ ነው፤ የሚበቁ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም ይጠየቁበታል። ጀናዛ ማጠብና መቅበር የታወቀው ምሳሌ ነው።

ኢማም አል-ጘዛሊ (505 ሂ. የሞቱ) በኢሕያእ መጽሐፋቸው የዕውቀት ክፍል ላይ አንድ ወቀሳ አቅርበዋል፤ በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ሳይኖር፣ ሰው ሁሉ በፊቅህ ክርክር ላይ ተረባርቦ የጋራውን ግዴታ ዘንግቶታል ይላሉ። የአንደሉሱ ሊቅ አሽ-ሻጢቢ (790 ሂ.) ደግሞ በአል-ሙዋፈቃት ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ይወስዱታል። በእርሳቸው አገላለጽ፣ ችሎታ ያለው ሰው ሥራውን የመሥራት ግዴታ ሲኖርበት፣ ችሎታ የሌለው ደግሞ የሚችለውን ሰው የማብቃትና ወደ ሥራው የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ከፈርደ ኪፋያ ፈጽሞ ውጭ የሚሆን ሰው የለም፤ የሚለያየው የእያንዳንዱ ድርሻ ነው።

ይህ መሠረት ለትምህርት ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ደረሳው ለውዱእ ውኃ እንዳያበዛ የሚማረው የግል አደብ ነው። በሚፈስ ወንዝ ዳር እንኳ ማባከን እንደማይገባ ስለ ሰዕድ (ረ.ዐ.) የተዘገበው ሐዲስ፣ የሐዲስ ምሁራን በሰነዱ ላይ የሚነጋገሩበት ቢሆንም፣ መልእክቱ ለዚህ አደብ መማሪያ ሆኖ ቈይቷል። ነገር ግን በአንድ ተፋሰስ የሚኖሩ መቶ ሺህ ሰዎች ሁሉ በአንድ እፍኝ ውኃ ውዱእ ቢያደርጉ እንኳ፣ የመስኖው ድልድል ካልተስተካከለ ሐይቁ መድረቁ አይቀርም። አደብ የግለሰብን እጅ ያርማል፤ ድልድልን የሚያርመው ማኅበረሰቡ ነው።

ሁለተኛው መሠረት፦ ውኃን ማካፈል

በመዲና፣ ከሐራ በሚወርድ የመስኖ ቦይ ምክንያት በዙበይር (ረ.ዐ.) እና በአንድ አንሷሪ መካከል ክርክር ተነሥቶ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበ። የዙበይር ማሳ በላይ በኩል ነበር። ነቢዩ ዙበይር ካጠጣ በኋላ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ይህ ለጎረቤት የሚራራ፣ ስፍሩን ያላጠበቀ ፍርድ ነበር። አንሷሪው ፍርዱን በዝምድና ስለ ጠረጠረ ግን፣ ነቢዩ ለዙበይር ሙሉ መብቱን ሰጡ፤ ውኃው በማሳው ዙሪያ እስካለው ግድብ እስኪደርስ እንዲይዝ፣ ከዚያም እንዲለቅ አዘዙ። ኢማም ማሊክም በሙወጠእ፣ መህዙርና ሙዘይኒብ ስለሚባሉት የመዲና ሸለቆዎች የተሰጠውን ፍርድ መዝግበዋል፤ በላይ ያለው ውኃውን እስከ ቍርጭምጭሚት ይይዛል፣ ከዚያ በታች ላለው ይለቃል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። በላይ መገኘት ቅድሚያን እንጂ ባለቤትነትን አይሰጥም። ቅድሚያውም ስፍር አለው፤ ስፍሩ ደግሞ ማንኛውም ገበሬ በገዛ እግሩ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው። ከመብት ወሰን በፊትም የመልካም ጉርብትና ፍርድ ይቀድማል። ሙስሊሞች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው የሚለው አቡ ዳዉድና ኢብን ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ፣ እንዲሁም ትርፍ ውኃን በመከልከል ግጦሽን መከልከል የተወገዘበት ሐዲስ የሚያጸኑት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መሠረት፦ ሒማ

ሒማ የተከለለ ምድር ነው። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ እንደሚያስረዱት፣ ከኢስላም በፊት አንድ ኀያል የጎሣ መሪ ለም ስፍራ ሲያገኝ ውሻ ያስጮህ ነበር፤ ጩኸቱ እስከሚሰማበት ያለው ግጦሽ ሁሉ ለእርሱ ብቻ ይከለልለታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሻሩ፤ ሒማ የአላህና የመልእክተኛው ብቻ እንደሆነ አወጁ፤ ትርጉሙም ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር ማንም ለራሱ አይከልልም ማለት ነው። በመዲና አቅራቢያ የሚገኘው አን-ነቂዕ የተከለለውም ለሙስሊሞች ፈረሶች ነበር።

ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ሑነይ የተባለውን አገልጋያቸውን በሒማ ላይ ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ ሁለቱ ባለጸጎች ከብታቸው ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ ድኻው ግን ከብቱ ካለቀበት ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። የተከለከሉት ሰዎች ማንነት ሊጤን ይገባል። ከታላላቅ ሰሓቦች መካከል ናቸው፤ ዑስማን ኢብን ዐፋንም ሩማ የተባለውን የውኃ ጉድጓድ ከገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝብ የለቀቁ ለጋስ ነበሩ። ክልከላው በሥነ ምግባራቸው ላይ የተሰጠ ፍርድ አልነበረም፤ ማን ምን ቀሪ ነገር አለው የሚል የፍትሕ ስሌት እንጂ።

በዚህ መመሪያ ጥበቃና ፍትሕ በአንድ ትእዛዝ ተጣምረዋል። ምድሩ ተከልሏል፤ የተከለለው ግን በድኻው ኪሳራ አይደለም። ዛሬ አንድ ተራራ ለደን ልማት ሲከለል በመጀመሪያ የሚባረረው አንዲት ፍየል ያላት ባልቴት ከሆነች፣ ክለላው በመልኩ ሒማን ይመስል ይሆናል፤ በመንፈሱ ግን ወደ ውሻው ጩኸት የተመለሰ ነው።

ሐረማያ፦ የደረቀው ሐይቅ

ከሐረር ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለዐሥርተ ዓመታት የሐረር ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። በዙሪያው ያሉት ከተሞች፣ የአካባቢው ገበሬዎችና ዩኒቨርሲቲውም የተጠቀሙት በዚሁ ተፋሰስ ውኃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ ላይ ከተሠራው ሥራ ጋር ውኃ እንደገና ታይቶበታል፤ ይሁንና የመድረቁ ትምህርት ገና ተጠንቅቆ አልተነበበም።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። በዙሪያው ያሉ ኰረብቶች ደናቸውን በማጣታቸው አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ገብቶ ደለል ሆነ፤ የሐይቁ ጥልቀት ቀነሰ፣ ጥልቀት ያነሰውም ውኃ በፀሐይ ይበልጥ ተነነ። ጫትና አትክልት በሞተር ፓምፕ መስኖ መልማቱ ተስፋፋ፤ የከተሞቹም ፍላጎት እያደገ ሄደ። ሐረርም ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ለማዞር ተገደደች። ሐሰሊሶ ከሚባለው ስፍራ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ከቈላው ተነሥቶ፣ በመቶዎች ሜትር ከፍታ ሽቅብ እየተገፋ ወደ ደጋው ይመጣል። በአቅራቢያው የተኛውን ውኃ ያጣ ሕዝብ ከሩቅ የሚመጣውን በከፍተኛ ወጪ ይጠጣል፤ መስመሩ በተቋረጠ ቍጥርም ጀሪካን ተሸክመው የሚሰለፉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው።

በዚህ መርከብ ውስጥ በታችኛው ወለል ያለው ማን ነው? ለከተማው ሰው ሲነገር መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ገበሬው ፓምፑን ደቅኖ መርከቧን በሳ። ገበሬው ግን የሚያወሳው ሌላ ነው። ማሳው በየትውልዱ ተከፋፍሎ ጠብቧል፤ እህል የማያወጣውን የቤተሰብ ወጪ ጫትና ድንች ያወጡለታል፤ ከደጁ ያለው ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማ ሲሄድ በድልድሉ ላይ ማን አማከረው? ፓምፕ መግዛት ያልቻለው ጎረቤቱም አለ፤ እርሱ ከሁለቱም በታች ነው። የውኃው መጠን ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው በእጅ የተቈፈረው የእርሱ ጉድጓድ ነውና።

እዚህ ላይ ከፊቅህ አንጻር አንድ ከባድ ነጥብ ይነሣል። የመዲናው የቍርጭምጭሚት ስፍር የተመሠረተው ውኃ ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ቦይ ላይ ነበር። የሞተር ፓምፕ ይህን ሥርዐት አፍርሶታል። ዛሬ «ላይኛው» የሚባለው ማሳው ከፍ ብሎ የሚገኘው ሰው ሳይሆን ነዳጅ የመግዛት ዐቅም ያለው ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃም በዐይን ስለማይታይ በእግር አይሰፈርም። ስለዚህ ፍርዱን በቃሉ ብቻ ይዞ ወደ ሐረማያ መሄድ አይበቃም። መያዝ ያለብን ዒላውን ነው፤ ማለትም ቅድሚያ ስፍር እንዲኖረው፣ ስፍሩም ለሁሉም የሚታይ እንዲሆን። የፓምፕ ሰዓት፣ የጉድጓድ ጥልቀት፣ በጕድጓዶች መካከል ያለው ርቀት፣ ወደ ከተማ የሚሄደው የውኃ መጠን በይፋ ሲለኩና ሲነገሩ የዘመናችን ቍርጭምጭሚት ይሆናሉ ብለን እናምናለን፤ ወላሁ አዕለም። ለጉድጓድ ሐሪም የመስጠት የፊቅህ ሥርዐት፣ ማለትም በዙሪያው ሌላ የማይቈፈርበትን ርቀት መወሰን፣ ለዚህ በቂ መነሻ ነው።

አፎቻና ጉዛ፦ ያለ ተቋም

እንዲህ ያለውን ስፍር የሚያስጠብቀው ማን ነው የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ የታወቀ የኑሮ ሥርዐት ነው፤ በሐዘንና በሠርግ አባላቱን ያስተባብራል፣ ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አፎቻ አላቸው፣ ግዴታውን ሳይወጣ የቀረ ይወቀሳል። በዙሪያው ያሉት የሐረርጌ ኦሮሞዎችም አፎሻ ብለው በአንድ ዐይነት መንፈስ ይገለገሉበታል፤ በእርሻ ሥራም ጉዛ የሚባል የመረዳዳት ልማድ አላቸው። ከተሜውና ባላገሩ በውኃ ሲለያዩ፣ በተቋም ግን አንድ ቃል ይጋራሉ።

አፎቻ በተግባር የፈርደ ኪፋያ ትምህርት ቤት ነው። ጀናዛ ሲወድቅ ማን ያጥባል፣ ማን ይቈፍራል፣ ማን ለሐዘንተኛው ምግብ ያቀርባል የሚለው ጥያቄ በዚያ ተደልድሎ ያድራል። ሕዝቡ የጋራ ግዴታን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ያውቀዋል። ሙታኑን ያለ ቀባሪ የማይተው ማኅበረሰብ ሐይቁን ያለ ጠባቂ የተወው፣ ውኃ የአፎቻ ጕዳይ ነው ብሎ ያስተማረው ስላልነበረ ይመስለናል።

በዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነባር ተቋም ሁሉ ፍትሐዊ ነው ብለን አንከራከርም። በጉባኤው የተከበሩት ሽማግሌዎች ባለ ፓምፖቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውኃ የምትቀዳው ሴትም በወንዶቹ ስብሰባ ቃል ላይኖራት ይችላል። የዑመር መመሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መለኪያው የተከበረው ማን ነው ሳይሆን ሌላ አማራጭ የሌለው ማን ነው የሚለው ነውና።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

አዲስ መጽሐፍ መጻፍ የግድ አይደለም። ደረሳው በአርበዒን አን-ነወዊያ 32ኛው ሐዲስ ላይ፣ መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ ይማራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢንን ሲቀራ ደግሞ ሙት መሬትን ስለ ማልማት በሚናገረው ምዕራፍ ስለ ሒማ፣ ስለ ጉድጓድ ሐሪምና ስለ ውኃ ድልድል ያነባል። የጐደለው ከኪታቡ ወደ ኰረብታው የሚወስደው መንገድ ነው። ለዚህም ሦስት እርምጃዎችን እንጠቁማለን።

የመጀመሪያው፣ ምዕራፉ ሲቀራ ተፋሰሱን በእግር መዞር ነው። ደለሉ ከየት እንደሚነሣ፣ ቧንቧው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን በፓምፕ፣ ማን በባልዲ እንደሚያጠጣ ደረሳዎቹ በዐይናቸው አይተው ይመዝግቡ። ሁለተኛው መስማት ነው። ባለ ጫቱን ገበሬ፣ ፓምፕ የሌለውን ጎረቤቱን፣ በከተማ ወረፋ የምትጠብቀውን እናት አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ቃዲ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድምና። ሦስተኛው መደልደል ነው። ደረሳዎቹ ለአንድ የበጋ ወቅት የሚበቃ የተወሰነ ውኃ ተሰጥቷቸው፣ ለመጠጥ፣ ለከብት፣ ለአነስተኛ ማሳና ለገበያ ሰብል ያካፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ውሳኔም ደሊል ያቅርቡ። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ክርክር ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራል። ማንም ሳይጐዳ የሚዘጋ ድልድል እንደማይገኝ፣ ስለዚህ የሚጐዳውን መካስ ራሱ የፍርዱ አካል እንደሆነ የሚገባቸው ያን ጊዜ ነውና።

ይህ ትምህርት ለሙስሊሙ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሐይቁን የሚጠጣው ሕዝብ በሃይማኖት ልዩ ልዩ ነው፤ ጎረቤትን የሚመለከተው የኢስላም ሕግም ጎረቤትን በእምነቱ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢስታንቡል የወጣው የአየር ንብረት መግለጫም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 በናይሮቢ ይፋ የሆነው «አል-ሚዛን» የተሰኘው ሰነድ ይህን ኀላፊነት በዓለም ደረጃ አስተጋብተዋል። መግለጫ ግን ቧንቧ አይዘረጋም፣ ደለልም አይጠርግም። ሥራው የሚያልቀው በተፋሰሱ ውስጥ፣ በየአፎሻው ነው።

ወደ መርከቧ እንመለስ። ሐይቁ ሳይደርቅ በፊት የገበሬውን እጅ ለመያዝ የሞከሩ ድምፆች ቢኖሩም እንኳ፣ ጥማቱን የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። አሁን ውኃው ጥቂት ተመልሷል፤ ፓምፖቹም አልሄዱም። ኡስታዙ ይህን ሐዲስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስተምር ከደረሳዎቹ አንዱ «ታችኞቹስ ከዚያ በኋላ ውኃ ከየት ጠጡ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ጥያቄውን ከርእስ የወጣ ነው ብሎ እንዳያልፈው አደራ እንላለን። የትምህርቱ ልብ ያለው እዚያ ነውና።